ለራሴ ልጅ ቅጹን ስሞላ

ስለ ልጆች አፍ መፍታት ከጻፍኩ ወዲህ ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተሞልቷል፦ «ዶክተር፣ ልጄ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ አያወራም። ኦቲዝም ይሆን? ላስመርምረው ወይስ ልጠብቅ?» ለእያንዳንዳችሁ አጭር መልስ ከምሰጥ የራሴን ቤት ታሪክ ልንገራችሁ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረንበታል። የልጃችንን ስምና ፎቶ ግን አልለጥፍም፤ ሲያድግ መናገርም አለመናገርም የእሱ ፋንታ ነው።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት እኔ አይደለሁም፤ ልጁን የምትይዝልኝ ሞግዚት ናት። እሷ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ እኔ የሕፃናትን የእድገት ደረጃ ለፈተና የሸመደድኩ ሐኪም። ልጁ አንድ ዓመት ተኩል ሲሆነው፣ አዳር ተረኛ ሆኜ አድሬ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ «እትዬ፣ ይሄ ልጅ ስጠራው አይዞርም። የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ግን ጓዳ ሆኖ ይሰማል» አለችኝ። «ጨዋታ ይዞ ነው» ብያት ተኛሁ። ዛሬ ሳስበው አንድ ሐኪም ሊጠይቅ የሚገባውን ነገር ሳልጠይቃት ነግራኛለች፤ ድምፅ ይሰማል፣ ለስሙ ግን ምላሽ አይሰጥም።

ልጄ ኦቲዝም ሲባል ብዙ ሰው በአእምሮው የሚስለውን ልጅ አይመስልም ነበር። ያቅፈኛል፣ ይስቃል፣ ስኮረኩረው ዓይኔን ያየኛል። እኔ በጭንቅላቴ የያዝኩት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚወዛወዝ ልጅ ነው፤ የኔው ደግሞ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ የሚተኛ። የድስት ክዳን ወለሉ ላይ እያሽከረከረ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ረከቦቱ ላይ ያሉትን ሲኒዎች አውርዶ በመስመር ይደረድራል፣ አንዱን ካነሳችሁበት ቤቱ ይናወጣል። «እንደ አባቱ ሥርዓት ይወዳል» እያልን ለእንግዳ እናሳይ ነበር። በአንድ ዓመት ከሁለት ወሩ «ማማ» እና «ውሃ» ይል ነበር፤ በአንድ ዓመት ከስምንት ወሩ ሁለቱም የሉም። መቼ እንደጠፉ አላውቅም። አዲስ ቃል ሲመጣ ለአያት ይደወላል፤ ቃል ሲጠፋ ግን ቀኑን የሚይዝ ሰው የለም።

አማቴ «አባቱም አፉን የፈታው በሦስት ዓመቱ ነው፤ ወንድ ልጅ ይዘገያል» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ቃሉ የራሴ ቃል ነበር።

ከተመረቅኩ በኋላ የመጀመሪያ ምደባዬ ከአዲስ አበባ ራቅ ያለች ከተማ ውስጥ ነበር። አንዲት እናት ሦስት ዓመት የሚሆነውን ልጇን ለሳል አመጣችው። መድኃኒቱን ጽፌ ሰጠኋት፣ ተነሳች፣ በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች። «ዶክተርዬ፣ ይሄ ልጅ አፉን አልፈታም። ስጠራውም ልቡ እኔ ጋ የለም» አለችኝ። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶት ነበር። «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ትንሽ ጠብቂ» አልኳት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ደስ ብሏት ሄደች። ያ ልጅ አሁን ከአሥር ዓመት በላይ ይሆነዋል። ካርዱን አላስታውሰውም፣ የእናቱን ስም አላውቀውም። ልቡ እኔ ጋ የለም ያለችውን ግን አልረሳሁትም፤ ከዚያ በኋላ ካነበብኳቸው ብዙ ትርጓሜዎች ይልቅ ግልጽ ነበር።

ወደ ልጄ ልመለስ። 22 ወር ሲሞላው፣ አንድ እሑድ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ፣ ኤም-ቻት የሚባለውን ቅጽ በስልኬ ከፈትኩ። ለማታውቁት፦ ከ16 እስከ 30 ወር ዕድሜ ላሉ ልጆች የተዘጋጀ፣ ወላጅ «አዎ» ወይም «አይ» እያለ የሚመልሳቸው 20 ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ ነው። ውጤቱ ከ0 እስከ 2 ከሆነ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው ይባላል፤ ልጁ ሁለት ዓመት ካልሞላው ግን ከልደቱ በኋላ ይደገማል። ከ3 እስከ 7 ከሆነ ባለሙያ ተከታይ ጥያቄዎችን ይጠይቃል። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ ለግምገማ ይላካል። ቅጹ ማጣሪያ ነው እንጂ «ኦቲዝም አለው» ወይም «የለውም» ብሎ የሚፈርድ አይደለም።

እኔ ስሞላው 2 ወጣ። እንዴት እንደወጣ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንደዚሁ የምትሞሉት ይመስለኛል።

የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ይጠቁማል ወይ? ልጄ ውሃ ሲፈልግ እጄን አንጓው ላይ ይዞ እየጎተተ ወስዶ ቧንቧው ላይ ያስቀምጠዋል። «ያው ማሳየት ነው» ብዬ «አዎ» አልኩ። ደስ ያለውን ነገር እንዳይለት ብቻ ብሎ ይጠቁማል ወይ? አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብሎ ያያል፤ «አዎ»። ሲጠሩት ይዞራል? ስድስት ጊዜ ከጠራሁት አንዴ ይዞራል፤ «አዎ»። ሌሎች ልጆች ይስቡታል? የጎረቤት ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ተከትሎ ይሮጣል፣ የሚከተለው ግን ኳሱን ነው። «አዎ»። የጁስ መፍጫ ሲነሳ ጆሮውን ይዞ ይጮሃል፤ «ማን የማይጮህ አለ» ብዬ እሱን «አይ» አልኩት። ቅጹ የሚጠይቀው ልጁ አዘውትሮ የሚያደርገውን ነው። እኔ የመለስኩት አንድ ቀን አድርጎት የሚያውቀውን ነው።

ስለ መጠቆም ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ወላጅ የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ልጅ ብስኩት ፈልጎ ወደ መደርደሪያው ቢጠቁም ጥሩ ነው፤ የሚፈልገውን እያዘዘ ነው። በረንዳ ላይ ውሻ አይቶ በጣቱ እየጠቆመ ዞሮ የእናቱን ፊት ሲያይ ግን ሌላ ነገር ነው። ውሻውን እንድታመጪለት አይደለም፤ «አየሽው ወይ?» እያለሽ ነው፣ ቃል ሳይኖረው። ይህ አብዛኞቹ ልጆች ላይ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይታያል። አፉን ያልፈታ ልጅ እንዲህ እየጠቆመ፣ በምልክት እየተግባባ፣ የሚባለውን እየሰማ ከሆነ ስጋቴ ያነሰ ነው። ሃምሳ የመኪና ዓይነት በስም እየጠራ አንድም ጊዜ ዞሮ ፊታችሁን ካላየ ደግሞ የቃሉ ብዛት አያጽናናኝም።

ልጁ 26 ወር ሲሆነው ቅጹን ለባለቤቴ ሰጠሁት። እሱ የሂሳብ ሰው ነው፣ ሕክምና አያውቅም። ሶፋ ላይ ተቀምጦ በአሥር ደቂቃ ሞላው። 9። ዝም ብሎ ቁጥሩን ካየ በኋላ «ያኔ ሁለት ብለሽኝ አልነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቆይቶ ደግሞ «እኔም ነገሩ ሳይታየኝ ቀርቶ አይደለም፤ አንቺ ዶክተር ነሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለ። በትዳራችን ከተባባልናቸው ነገሮች ሁሉ ይህ ነው የከበደኝ።

በማግስቱ የሕፃናት ሐኪም የሆነች ጓደኛዬን አማከርኩ። መጀመሪያ ያዘዘችው የጆሮ ምርመራ ነው። «ብስኩቱን ይሰማል እኮ» አልኳት፤ «አንዳንዱን ድምፅ ሰምቶ አንዳንዱን የማይሰማ ልጅ አለ፣ ከጆሮ ታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ያለበትም አለ፣ ይታይ» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ንግግር ለዘገየበት ልጅ ሁሉ ጆሮው በመሣሪያ መታየት አለበት፤ በር አንኳኩቶ ወይም ስልክ አስጩሆ ማረጋገጥ አይቻልም። የልጄ ጆሮ ደህና ሆኖ ተገኘ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ችግሩ የጆሮ ቢሆን ብዬ ተመኝቼ ነበር።

ከዚያ ሪፈር ተጻፈ። የሕፃናት ሥነ አእምሮ ሐኪም በአገራችን በጣም ጥቂት ነው፣ ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። ወረፋው አምስት ወር ሆነ። የማውቃቸው ባልደረቦች በሌሉበት ሆስፒታል ካርድ አወጣሁ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ሥራዬን ሲጠይቀኝ «የቤት እመቤት» አልኩት። በየቀኑ ሰው ሕመሙን እንዳይደብቀኝ የምለምን ሰው ነኝ፣ እዚያ መስኮት ጋ ግን ሥራዬን ደበቅሁ። ባል አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ ምንም አላለኝም።

አማቴ ጸበል ይጠመቅ አሉ። ብዙዎቻችሁ ቤት ይህ ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። እኛ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ጸበሉም ይቀጥል፣ ቀጠሮውም አይለፍ። እሳቸውም ልጁ ግርግርና ጩኸት እንደማይችል ስላወቁ ሰው ሳይበዛ በማለዳ ይወስዱት ነበር። ልጁን በደንብ የሚያውቁት እሳቸው እንደሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። ዓይን በልቶት ነው፣ እርግዝና ላይ ደንግጠሽ ነው፣ ሥራ አብዝተሽ ነው የሚሉትን ግን አንቀበልም። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ሐኪሞችም ኦቲዝምን በ«ቀዝቃዛ እናት» ያሳብቡ ነበር፤ በኋላ ስህተት መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የዘር ውርስ እንደሆነ እናውቃለን። ሞባይልም ኦቲዝም አይፈጥርም። ለትንሽ ልጅ ስክሪን መቀነስ ግን ለንግግሩ ይጠቅማል፣ እኛም ቀንሰናል።

ስለ ክትባት ደግሞ በየሳምንቱ ስለምትጠይቁኝ፦ ወሬውን የጀመረው በ1998 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ፣ 12 ልጆችን ብቻ የያዘ ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው፣ ዋናው ጸሐፊም የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። በ2019 የወጣው የዴንማርክ ጥናት 657,461 ልጆችን ተከታትሎ ግንኙነት አላገኘም። እኛ አገር የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል፤ ቃል የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ስለሆነ ነው ሰው የሚያያይዘው። የኔ ልጅ ክትባቱን ጨርሷል፣ ሌላ ብወልድም አስከትባለሁ።

አምስቱን ወር ቁጭ ብለን አልጠበቅንም። ይህን አጥብቄ የምነግራችሁ ነው፦ ልጁን መርዳት ለመጀመር ወረቀት አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል፤ የሚሠራው በቤት ውስጥ ጨዋታና በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ነው። እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። ወለል ላይ ፊት ለፊቱ መቀመጥ። ክዳኑን ከማስጣል ይልቅ ሁለተኛ ክዳን አምጥቶ አብሮ ማሽከርከር። ረጅም ወሬ ትቶ «ክዳን»፣ «ዞረ»፣ «ወደቀ» ማለት። ውሃውን ቶሎ ከመቅዳት በፊት ኩባያውን ፊቴ አጠገብ ይዤ በልቤ እስከ አሥር መቁጠር። የመጨረሻው በጣም ከባድ ነው፣ እናት ልጇ ሳይጠይቅ መስጠት ለምዳለችና። በሦስተኛው ሳምንት ኩባያውን ሳይሆን እኔን አየኝ። አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው።

የግምገማው ቀን ደም አልተቀዳም፣ ራጅም ኤምአርአይም አልተነሳም። ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም፤ «በላብራቶሪ እናረጋግጣለን» የሚላችሁ ካለ ተጠንቀቁ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ግማሹ ጥያቄ ነው፤ ከእርግዝና ጀምሮ አወላለዱ፣ መቼ ተቀመጠ፣ መቼ ሄደ፣ ምን ይበላል፣ እንዴት ይተኛል፣ ሲከፋው ማን ጋ ይሄዳል። ቤት የቀረጽኳቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች አሳየኋት፤ ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ስሙን ስጠራው። እናንተም ይዛችሁ ሂዱ፣ ልጅ አዲስ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ይሆናል።

ቀሪው ጨዋታ ነበር። ዶክተሯ የሳሙና አረፋ ነፋችለት፣ ልጄ በደስታ ዘለለ። ከዚያ ጠርሙሱን ከድና ዝም ብላ ያዘችው። ጠበቀች። ልጄ ቀርቦ እጇን አንጓው ላይ ያዘና ክዳኑ ላይ አስቀመጠው። ፊቷን አላየም። ቧንቧው ጋ በየቀኑ የሚያደርገው፣ እኔ «ያው ማሳየት ነው» ብዬ የሞላሁት ያ ነበር። ዶክተሯ በዕድሜ ታላቄ ናት፤ ቀስ ብላ «አየሽው?» አለችኝ። ያኔ «ሐኪም ነኝ» አልኳት። «ስትገቢ ነው የጠረጠርኩት» አለች።

ኦቲዝም መሆኑን ስትነግረን ያለቀስኩ መስሏችሁ ይሆናል። አላለቀስኩም፤ ያለቀስኩት ከሁለት ቀን በኋላ የሱፐርማርኬት ወረፋ ላይ ነው። የዚያን ቀን ግን ከአሥር ወር በፊት መምጣት እችል እንደነበር እያሰላሁ ነበር። ባለቤቴ መኪና ውስጥ «ከመጣን መጣን» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ብዙ ነው፣ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ማግኘት ከግምገማው በላይ አድካሚ ነው፣ ክፍያውም ይጎዳል። የሚቀበለን መዋዕለ ሕፃናት ለማግኘት ሦስት በር አንኳኩተናል። በዚህ መሃል ብዙ ጊዜ የማስበው ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ነው። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስላላገኙ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. ራሳቸው መሠረቱ፤ ኦቲዝም የሚለው ቃል ራሱ በአገራችን በማይታወቅበት ዘመን ልጃቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ። እኔ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሥራዬን መናገር አቅቶኝ ነበር። «ፈውስ» ብለው የሚሸጡላችሁን የግንደ ሕዋስ መርፌና ከሰውነት መርዝ ያወጣል የሚባለውን መድኃኒት ግን አትግዙ፤ ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፣ ሁለተኛው ልጅ ሊጎዳም ይችላል።

ወደ ጥያቄያችሁ፦ መቼ ልሂድ? በአንድ ዓመቱ ሲጠራ የማይዞር፣ በእጁ ቻው የማይል፤ በአንድ ዓመት ተኩል ለማሳየት የማይጠቁም፤ በሁለት ዓመት ሁለት ቃል የማያገጣጥም፣ ለምሳሌ «ማማ ነይ»፤ በማንኛውም ዕድሜ የነበረው ቃል ወይም ፈገግታ የጠፋበት። ከእነዚህ አንዱ ካለ አትጠብቁ። ሁሉም ኦቲዝም ነው ማለት አይደለም፤ ጆሮ ሊሆን ይችላል፣ የንግግር መዘግየት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ «ዓይን አፋር ናት» እየተባለ የበለጠ ትዘገያለች። ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁ በቅርብ ካለው ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ጀምሩ፣ የጆሮ ምርመራና ሪፈር ጠይቁ። ጤና ጣቢያ ያለው ሐኪም እንደ ያኔዋ እኔ «ጠብቂ» ካላችሁ፣ ቅጹን ሞልታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት። ለሁለት ሰው ለየብቻ አስሞሉት፣ አንደኛው ከልጁ ጋር ብዙውን ቀን የሚውለው ሰው ይሁን።

ልጄ አሁን አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ወደ ሰላሳ ቃል አለው፣ «ክዳን» የመጀመሪያው ነበር። ባለፈው ወር የክትትል ቀጠሮ ስንሄድ ሞግዚቷንም ይዘናት ሄድን። ዶክተሯ «ከሌሎች ልጆች ጋር ይጫወታል?» ስትል «አዎ፣ ጀምሯል» አልኳት። ከኋላዬ «ኧረ እትዬ፣ አጠገባቸው ነው እንጂ አብሯቸው አይደለም» የሚል ድምፅ መጣ። ዶክተሯ ፈገግ አለችና እኔ ያልኩትን ሰርዛ እሷ ያለችውን ጻፈች።